ለሞንጎሎቼ ጠላት ፍለጋ

እኔ ከሁለት ሸሚዝ አንዱን ለመምረጥ ጧት ጧት ግማሽ ሰዓት የምፈጅ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ሊፈትነው ሲፈልግ ምን ያደርገዋል? ስልሳ አራት የሞንጎል ፈረሰኛ ይሰጠውና «በል ጠላት ምረጥላቸው» ይለዋል።

አትሳቁ። ሞንጎሎቹ አሉ፤ መኝታ ቤት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት አንጓ ቢያክሉ ነው፤ ከብረት ተሠርተው ቀለም የተቀቡ፣ ቀስት የገተሩ፣ ፈረሶቻቸው ሳይቀሩ የተቆጡ። እኔ የንድፍ ክፍል ሠራተኛ በሆንሁበት ኮሌጅ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአንድ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ ጋር በካርቶን አድርጎ አስታቀፈኝ። በእነሱ አገር ጺሙ የሸበተ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጦር ያሰልፋል፤ በሜትር እየለካ ያስኬዳቸዋል፤ ዳይስ የሚሉትን ባለነጥብ ጠጠር እየወረወረ ማን እንደሞተ ይወስናል። ጨዋታው ይኸው ነው። ደንቡ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ያዛል፤ ጠላቱ በዘመኑ ከሞንጎል ጋር የተዋጋ መሆን አለበት። ይህ ለሌላ ጦር ምርጫውን ያጠብበታል። ሞንጎል ግን ያልተዋጋው ሕዝብ የለም። መጽሐፉ ላይ የጠላቶቹ ዝርዝር ብቻ ሦስት ገጽ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሞንጎል ያለው ሰው እኔ ብቻ ስለሆንሁ ጠላታቸውን የምሠራውም ራሴ ነኝ። ከጣና ዳር ጭቃ አምጥቼ ለጅምር ያህል አሥራ ሁለት እግረኛ አበጀሁ። እጅ ሠራሁላቸው፣ አፍንጫ ሠራሁላቸው፤ ቆባቸውን ግን ተውሁት፤ ቆብ የሚደረገው የማን ወታደር እንደሆኑ ሲታወቅ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ራሳቸውን ተገልጠው መስኮት ላይ ቆሙ። ባለቤቴ ስርጉት አቧራ ስትጠርግ «እነዚህ ሥራ ፈቶች ዛሬም አልተቀጠሩም?» እያለች ታልፋለች።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር የእኔ ጅልነት ተብሎ ይታለፍ ነበር። የስርጉት አባት ታመው ከዘጌ መጡ እንጂ።

መሪጌታ ላእከ ይባላሉ፤ እኛ ቤት ግን እንደ ተማሪዎቻቸው ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደብራቸው ማኅሌት የመሩ፣ መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው የዘለቁ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ተረከዛቸውን እሾህ ወጋቸው፤ እሾህ አይደለም እንዴ ብለው ናቁት፤ ቁስል ሆነ። ሐኪሙ አጥቦ ካሰረላቸው በኋላ እሳቸውን ትቶ እኔን አየኝ። «ይህ እግር አንድ ወር መሬት እንዳይነካ። ከነካ መቆረጡ ነው» አለ። ለምን እኔን እንዳየኝ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጥፋተኛ የሚመስል ፊት ይዤ ሳልወለድ አልቀርም።

ስርጉት ፋብሪካ ውላ ነው የምትመጣው። እኔ ኮሌጁ ተዘግቶ እረፍት ላይ ነኝ። ስለዚህ የእግሩ ዘበኛ ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ችግሩ ደግሞ የደብራቸው ንግሥ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። የኔታ ያለ እሳቸው ታቦቱ ይወጣል ብለው አያስቡም። ማኅሌት ደግሞ ተቀምጠው የሚያደርሱት ነገር አይደለም፤ መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ በእግር ነው። ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሆነው ሐይቁ ወዳለበት አንገታቸውን አስግገው ይውላሉ። ለእኔ የሚናገሩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንዱ «ዛሬ ጀልባ አለ?»፣ ሌላው «ጫማዬን የት አደረግህብኝ?»። ጫማቸውን የሸሸግሁት እኔ ነኝ። ልጃቸውን አግብቼ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ከዚህ የረዘመ ወሬ አውርተን አናውቅም። ስርጉትን ለአንድ ደህና ዲያቆን አስበዋት ሳለ መስመር የሚያሰምር ሰው መጣባቸው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም።

ስርጉት ጧት ስትወጣ ከበር ተመልሳ «አደራህን» ትለኛለች። እኔም ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ቁርሴ ሳይፈጭልኝ ይመሻል።

አንድ ቀን በግድግዳ እየተደገፉ፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ፣ ጫማቸውን ፍለጋ መኝታ ቤት ገቡ። እኔ ሞንጎሎቹን ደርድሬ ነበር።

«ይህ ሁሉ ፈረስ የማን ነው?» አሉ።

«የሞንጎል ነው፣ የኔታ።»

«የታታር? ማንን ሊወጋ ነው?»

«እሱን ነው እኔም ያላወቅሁት።»

ፈረሶቹን ቁልቁል ተመለከቱ። «ያልታወቀ ነገር ከሆነ ይመረመራል» አሉና ተቀመጡ። የእንጨት ዱካ አቀረብሁላቸው፤ የታመመ እግራቸውን ሰቀሉበት። ያን ቀን እስኪመሽ ስለ ጀልባ አልጠየቁም።

ስርጉት ስትመጣ ዐይኗን ማመን አቃታት። «ምን አድርገኸው ነው አባየ እንዲህ የተቀመጠው?»

«ጠላት እየመረጥን ነው።»

«እንግዲያ ንግሡ እስኪያልፍ ምረጡ። ያች እግር ከተቆረጠች ግን ጠላት ፍለጋ ሩቅ አትሄድም» አለችኝ።

የኔታ የሚመረምሩት በተማሩበት መንገድ ነው። ትርጓሜ የተማረ ሰው አንድን ቃል በአንድ ፍቺ አይለቀውም፤ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ እሱ ሲያልቅ እንደገና «አንድም» ይላል። ሦስት ገጽ ጠላትና የማያልቅ አንድም ሲገናኙ አንድ ወር ምን አላት ብዬ ተጽናናሁ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሩሲያን አቀረብሁ። ለጭቃ ሰዎቼም ሾጣጣ ቆብ ደፋሁላቸው። ከተሞቹ አንድ በአንድ እንዴት እንደተቃጠሉ ከመጽሐፉ እየተረጎምሁ አነበብሁ።

«ክርስቲያን ናቸው?» አሉ የኔታ።

«ናቸው፤ እንደኛው ኦርቶዶክስ።»

«ይጾማሉ?»

«ይጾማሉ መሰለኝ።»

«ቤተ ክርስቲያናቸውም ተቃጥሏል?»

«ብዙ ተቃጥሏል ነው የሚለው።»

«እና አንተ ይህን ሁሉ እያወቅህ ዳግመኛ ልታቃጥልባቸው ነው የተቀመጥህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ለሞቱት ሊሰግዱ ከወንበሩ መውረድ ጀመሩ። በሁለት ብብታቸው ገብቼ መለስኋቸው። ሩሲያ ተሰረዘች፤ ሾጣጣውን ቆብ ልጬ በአዲስ ጭቃ ጥምጥም አደረግሁ።

በማግሥቱ ኸዋሪዝም የሚባል የመካከለኛው እስያ መንግሥት አመጣሁ። ንጉሡ የሞንጎልን ነጋዴዎች ፈጀ፤ መልእክተኛ ሲላክበትም መልእክተኛውን ገደለ። የኔታ እዚህ ላይ በእጃቸው አስቆሙኝ። «መልእክተኛ ከገደለ ተፈርዶበታል። ከተፈረደ በኋላ ምን የሚመረመር አለ?» አሉና አዛጉ። ማዛጋታቸው አስደነገጠኝ። ሰለቻቸው ማለት ጀልባ ትዝ አላቸው ማለት ነው። ወሬውን ለማጣፈጥ ብዬ «መጨረሻው እኮ ይገርማል፣ የኔታ፤ ሸሽቶ ሸሽቶ ውሃ መካከል አንዲት ደሴት ገብቶ ሞተ» አልሁ። ምላሴን በቆረጠው።

«ደሴት?» አሉ ቀና ብለው።

«ትንሽ ናት። ደሴትም አይሏት።»

«ውሃ መካከል፣ ጫጫታ የሌለበት» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚያ ጨካኝ የተሰጠው ለእኔ ተከለከለ። ጫማዬን አምጣ።»

ያን ዕለት እስከ ማታ በሩ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ጠላቱ ካሳዘናቸው ይሰግዳሉ፤ ካሰለቻቸው ይሄዳሉ፤ ካስቆጣቸው ደግሞ እንደ ማኅሌቱ ብድግ ይላሉ። የሚያስፈልገኝ የማይወደድም የማይጠላም፣ የማያሰለችም የማያስቆጣም ጠላት ነው። ይህን ሌሊት አልጋ ላይ ለስርጉት ባስረዳት «ባል ስመርጥ እኔም እንደሱ ያለውን ነበር የፈለግሁት» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሕልምና በውን መካከል የተቆረጠ እግር ይታየኛል።

ጃፓንን ሞከርሁ። የሞንጎልን መርከቦች ማዕበል ነው የሰባበራቸው ብላቸው «እንግዲያ ያሸነፈው ነፋሱ ነው፤ ነፋሱን ከጭቃ ልትሠራው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ግብፅ ነበረች። መጽሐፉ የማምሉክን ጦር አድንቆ አይጠግብም፤ ሞንጎልን ፊት ለፊት ገጥሞ የመለሰ ጦር ነው ይላል። ጥምጥሙ ያው ስለሆነ ቆብ መቀየርም አላስፈለገኝም። ተስማማን፤ የኔታ ራሳቸው የግብፅን ጦር ሊያዙ። ንግሡ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚህ መሐል እንዳለ የሚባል ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። እንዳለ የኮሌጅ ባልደረባዬ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ደግ ሰው፣ ግን ስኳር ለታመመ ሰው የማንጎ ጭማቂ ይዞ የሚመጣ ዓይነት። ጠረጴዛውን አየና «እነዚህ ባለጥምጥሞች ደግሞ ማን ናቸው?» አለ።

«የግብፅ ጦር ነው» አልሁት፤ ስናገረው ነው ስሕተቴ የታወቀኝ።

«ግብፅ?» ድምፁ ወረደ። «አባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚህ፣ አፍንጫህ ሥር ነው። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ለግብፅ ወታደር ትሠራለህ?»

«የድሮ ነው እኮ። ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ውሃውም የድሮ ነው።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ሰው፣ በዚያ ዘመን ጳጳስ የምናስመጣው ከማን አገር ነበር? አንድም ግብፅ ማለት ጌታን በስደቱ ያስጠለለች ናት።»

«ልክ ነው፣ የኔታ» አለ እንዳለ በትሕትና። «አንድም ደግሞ ግድባችን እንዳይሠራ የከሰሰችን ናት።»

የኔታን የነካቸው ግድቡ አይደለም፤ «አንድም» ማለቱ ነው። አንድም ለማለት እሳቸው ስንት ዓመት ቁራሽ ለምነው፣ በውሻ ተነክሰው፣ ዛፍ ሥር አድረው ነው የተማሩት። ይህ ሰው የጭማቂ ላስቲክ እንዳንጠለጠለ አለው። «ሳይማሩ አንድም የለም» አሉና መቋሚያቸውን ከግድግዳ አንሥተው ቆሙ። በሁለት እግራቸው። ከዚያም ዜማ እንደሚመሩ ሁሉ አንዴ ወለሉን ረገጡት።

ሦስታችንም ወደ ታች አየን። ነጩ ፋሻ ቀላ።

እንዳለ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ፤ እኔ ተሸክሜያቸው ወጣሁ። ሲሸከሟቸው ምንም አይከብዱም ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ባጃጅ ውስጥ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤ «ይቅር ይበሉኝ» እያልኋቸው ሄድን። ሐኪሙ ቁስሉን ፈትቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንደገና እኔኑ አየኝ። «ዛሬ ተርፏል። ሌላ ጊዜ አልምልላችሁም» አለ።

ስርጉት አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። አባቷን አስተኝታ መጣችና ከሞንጎሎቹ ፊት ቆመች።

«ስልሳ አራት ናቸው አይደል? ግማሹን ከግማሹ አዋጋቸው። ሰው እንዴት የአንድ እግር ዋጋ ያለው ጠላት ያስሳል?»

መጽሐፉን ብገልጥ እውነቷን ነው። ሁለት የአጎት ልጆች፣ ሁለቱም ሞንጎል፣ እያንዳንዳቸው ጦር ይዘው ተዋግተዋል። ለሁሉም የሚስማማው ጠላት ገጹ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ቆብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ አገር የለ፣ ሃይማኖት የለ። ለሠላሳ ሁለቱ ፈረስ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርሁና የኔታን ከነወንበራቸው ጎትቼ አመጣኋቸው።

አንዱን ፈረሰኛ አንሥተው ከሌላው ጎን ለጎን ያዙት።

«መልካቸው አንድ ነው» አሉ።

«ቀይ ክር ያለው የአንዱ ነው፤ የሌለው የሌላኛው።»

«አያታቸውስ?»

«አንድ ነው።»

«በምን ተጣሉ?»

«በግጦሽ መሬትና በምርኮ ክፍፍል ይላል።»

ፈረሰኞቹን ቦታቸው መለሷቸው። «ይህንን ለማየት እኔ ጠረጴዛ አያስፈልገኝም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። እኔም ስርጉትም አቀረቀርን። በእነዚህ በቅርብ ዓመታት ሁላችንም ያየነውን አይተናል፤ ማንም ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

አለቀልኝ ብዬ ጫማቸውን እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የአንድ አያት ልጆች ከሆኑ ጠላት አላገኘህም፤ የሚታረቅ ነው ያገኘኸው። ለሁለቱም ዋስ ይጠራ።»

«ምን አሉ?»

«ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አንተ ለባለቀይ ክሩ ተናገር፤ እሷ ለሌላው። ክሳችሁን አሰሙ።»

ሽማግሌ ለዕርቅ ከተቀመጠ ነገሩን ሳይቋጭ ጥሎ እንደማይሄድ የማያውቅ የለም። ስርጉትና እኔ ተያየን። እሷ ቀድማ «አባየ፣ የእነሱ ፈረሶች መስካችንን ግጠው ጨረሱት» አለች። እኔም በድንጋጤ «በመስኩ ላይ ቀድሞ የሰፈረው የኔ ወገን ነው» አልሁ። እንዲህ ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን ስርጉት የምርኮውን ድርሻ ጠየቀች፤ በሦስተኛው ቀን እኔ የደም ካሳ ጠየቅሁ፤ የኔታ ሁለታችንንም ገሠጹ፣ ምስክር ጥሩ አሉ፣ ቀጠሮ ሰጡ።

በንግሡ ዋዜማ ከዘጌ የደብሩ አለቃ ደወሉ። ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ስለሚይዙት ሁሉንም እንሰማለን።

«የኔታ፣ ጀልባ እንላክ ወይ?»

«አልመጣም። ዕርቅ ይዣለሁ።»

«ዕርቅ ከሆነ ደግ አደረጉ። የእነማን ነው?»

«የሁለት የአጎት ልጆች። ከሩቅ አገር ናቸው።»

«እንግዲያ በጸሎት እንድናስባቸው የክርስትና ስማቸውን ይንገሩን።»

የኔታ ስልኩን በእጃቸው ከድነው ወደ እኔ ዞሩ። «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«የኔታ፣ አንደኛው እስላም ነው። ሌላኛው ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሚስቱ ክርስቲያን ነበረች ይላል።»

ትንሽ አሰቡና ስልኩን ከፈቱ። «ስማቸውን እግዜር ያውቀዋል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ብላችሁ አስቡልኝ» አሉ። ሲዘጉት ፊታቸው ላይ ሣቅ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ከዚያ ግን ወዲያው ጠፋ።

የንግሡ ዕለት ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ብቻ ጉልበታቸው ላይ ዜማ ይመታሉ። ልቤ አልቻለም። ሄጄ ጫማቸውን ከተደበቀበት አወጣሁና ፊታቸው አስቀመጥሁት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ስርጉት ብታየኝ በሕይወት አልኖርም ነበር። ሰው ይህን ያህል የሚወደውን ነገር ጫማውን ደብቄ መከልከሌ አሳፈረኝ።

ጫማውን አዩት። «አንሣው» አሉኝ። «ሁለቱ እንደተኳረፉ ወዴት እሄዳለሁ?»

ከዚያ ወዲያ ወር ሞላ፤ ሁለት ሳምንት ተጨመረበት። መስኩ ተከፈለ፣ ምርኮው ተመዘነ፣ የደም ካሳው በፈረስ ተተመነ። መሐል መሐል የኔታ ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ፤ ለትምህርት ሲሄዱ መራዊ አካባቢ የነከሳቸውን ውሻ ሳይቀር ነገሩኝ። አንድ ቀን ደግሞ «እኔ እንኳ ያን ዲያቆን ለቁመቱ ነበር የወደድሁት» አሉኝ፤ ከዚህ በላይ ይቅርታ ከእሳቸው አልጠብቅም። ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፤ ቁስሉ ደርቋል። «መራመድ ይችላሉ» አለ፤ በዚህ ጊዜ እሳቸውን ነው ያየው። ለማግሥቱ ጀልባ ተነጋገርን።

ያን ማታ የመጨረሻው ችሎት ሆነ። ስርጉት «የእኔ ወገን ይቅር ብሏል» አለች። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «የአንተስ?»

የቀረ ነገር አልነበረም። ሁሉም አልቋል፤ ይቅር ብዬ ተሳስመን መነሣት ነው። እኔ ግን ነገ ጧት ስርጉት ፋብሪካ ስትሄድ ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ አስጨነቀኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስሸሻቸው የኖርሁትን ሰው እንዲህ እንደለመድኋቸው እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

«የእኔ ወገን አልታረቀም» አልሁ።

ስርጉት በክርኗ ጎሸመችኝ።

«በምን ምክንያት?» አሉ የኔታ።

«ምክንያቱን በቀጠሮ አቀርባለሁ።»

እኔን አዩ። ከዚያ ስርጉትን አዩ፤ ከዚያም ፈረሶቹን። «ባለጉዳዩ እንቢ ካለ ሽማግሌ ምን ያደርጋል» አሉ። «ለጀልባው ሰው ደውሉለት፤ ለሳምንት ተቀጥሯል በሉት።» ይህን ብለው የዳነውን እግራቸውን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ዱካው ላይ መልሰው ሰቀሉት።